በግማሽ ፊት ሽምግልና

እስከዚያች ሰኞ ጠዋት ድረስ ፊቴ አንድ ይመስለኝ ነበር። የእናንተም አንድ ይመስላችኋል፤ አውቃለሁ። ስትስቁ ሁሉም አብሮ ይስቃል፣ ስትቆጡ ሁሉም አብሮ ይቆጣል፤ በዚህ ተታላችሁ አንድ ነው ብላችሁ ተቀምጣችኋል። ኧረ ተዉ! ፊት ሁለት ነው። ቀኙም ግራውም የየራሳቸው አዛዥ አላቸው፤ ተስማምተው ስለሚኖሩ ብቻ ነው አንድ የሚመስሉት። እኔ ይህን ያወቅኩት ግራው ሥራ ባቆመ ጊዜ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ባለቤቴ ዘሀራ "አንተ ወሬ የምትጀምረው ከመሃል ነው" እያለች ስትወቅሰኝ ኖራለች፤ ዛሬ እንኳ ላሳፍራት።

ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ ኖሬያለሁ። ከስፌቱ ሌላ አንድ ሥራ አለኝ፤ እሱም ሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ እጠራለሁ፤ ወሰን ሲገፋ እጠራለሁ፤ ሚስት ሲጠየቅማ ያለ እኔ አይሆንም። ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና አንደበቴ ሸጋ ነው። ችግሩ አንዳንዴ ከኔ ቀድሞ ይሄዳል።

የእህቴ ልጅ ሰዒድ አራት ዓመት ሳዑዲ ቆይቶ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። ሳዑዲ የሠራውም ፍየል ጥበቃ ነው። በረሃ መሃል፣ ሦስት መቶ ፍየልና እሱ ብቻውን። የሚያናግረው ሰው ሲያጣ ለፍየሎቹ የአምባሰልን ዜማ ሲያንጎራጉርላቸው ይውል እንደነበር ነግሮኛል፤ በመጨረሻ ግማሾቹ ዜማውን ለይተው ያውቁት ነበር አለ። በዚያ ላቡ እናቱን ቤት ሠራላት፣ ሁለት እህቶቹን አስተማረ። አሁን አንዲት የውጫሌ ልጅ አይቶ ልቡ ጠፍቶበታል። የሐጂ ይማም ልጅ ናት።

"አጎቴ፣ ሂዱልኝ" አለኝ።

"አብሽር! ስንት ቤት አስጨርሼ የለ?"

"አንድ ነገር ብቻ። ያልሆንኩትን ሆነ እንዳትሉ። የነበርኩትን ለሷ ነግሬያታለሁ።"

ሰማሁ። በሁለቱም ጆሮዬ ሰማሁ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ደህና ነበሩ።

እኛ ዘንድ ሚስት ጠያቂ ሽማግሌ ልጅቷን አያያትም። የሚያየው አባቷን ነው፤ የሚያጠናው የአባቷን ፊት ነው፤ አባትየውም በተራው የሽማግሌውን ፊት ያጠናል። ልጅቷ ጓዳ ናት ወይ ሥራ ላይ ናት፤ እኛን አይመለከተንም። እኔማ ስሟንም አልጠየቅኩ። "ተምራለች፣ የመንግሥት ሥራ አላት" ሲለኝ በቃኝ። እንግዲህ ይህን ልማድ ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

አብሮኝ የሄደው አያ ደምሴ ነው፤ ከሱቄ አጠገብ ፀጉር የሚያስተካክል ክርስቲያን ወዳጄ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ ከመስጊድ ወገን ብቻ ወይ ከቤተ ክርስቲያን ወገን ብቻ መርጦ መላክ ያሳፍራል። ደምሴ ብዙ አይናገርም፤ ብቻ ያስላል። ሳሉን ለለመደው ሰው ከንግግር ይበልጣል።

እሑድ ማለዳ የሐጂ ደጃፍ ቆምን። "ግቡ" ተባልን፤ ገባን። "ተቀመጡ" ተባልን፤ ወጉ ነውና "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልን። ሐጂ ረጋ ያሉ፣ ቁመተ ረጅም፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። ሰሙን፤ አስቀመጡን፤ ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ልጁ ሳዑዲ ምን ይሠራ ነበር?"

ወላሂ "ፍየል" ልል ነበር። "ፍ" ላይ ደርሼ ነበር። ግን ዓይኔ ቤቱ ላይ አረፈ። ግድግዳው የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መጋረጃው ከራሴ ሱቅ የማይገኝ ጨርቅ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ፍየል ይነሳል? አፍሬ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

"ሱቅ ነበረው" አልኩ።

ደምሴ ሳል አለ።

"ሁለት ሱቅ" አልኩ።

ደምሴ ሁለት ጊዜ ሳለ።

"ብዙ ሠራተኛ ያስተዳድር ነበር። ወላሂ!"

ደምሴ ሳሉን ተወውና መሬት መሬቱን አየ። እኔ ሳሉ የለቀቀው መሰለኝ።

ሐጂ ፊቴን አዩና "ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ መልሱን እነግራችኋለሁ። የጀመርኩት ከናንተ ጋር ነው፤ እናንተው ኑ" አሉ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሽምግልና በመሃል ሰው ከተለወጠ "የፊተኛው ሽማግሌ ነውር አይቶ ወጥቷል" ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይበላሻል። ስለዚህ ብታመምም፣ ብሰበርም፣ የምሄደው እኔ ነኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በግራ በኩል መስኮቱ የማይዘጋበት ቦታ ደረሰኝ። በድል አድራጊነት ፊቴን ለነፋሱ ሰጥቼ እስከ ሐይቅ ድረስ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ለሱብሂ ሶላት ተነስቼ ውዱእ ላደርግ አፌን በውሃ ሞላሁና ልጉመጠመጥ ስል ውሃው በግራ በኩል ሾልኮ እጅጌዬን አጠበው። እንደገና ያዝኩ፤ እንደገና ወጣ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ብይዘው በጣቴ ዙሪያ ወጣ። ሰው በገዛ አፉ ውሃ መያዝ ያቅተዋል?

ዘሀራ ብቅ አለች።

"በማለዳ ማንን ነው የምታሽሟጥጠው?"

"ማንንም አላሽሟጠጥኩም።"

"እንግዲያው አፍህን መልሰው።"

"ወዴት?"

"ወደ ቦታው ነዋ!" አለችና ቀረብ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ "ያ አላህ!" ብላ ጮኸች።

መስታወት አመጣችልኝ። በቀኝ በኩል ያለው ሰውዬ እኔ ነኝ። በግራ በኩል ያለው ግን የማላውቀው፣ የተቀየመኝ ሰው ነው። ቅንድቡ ወርዷል፣ ጉንጩ ረግቧል፣ ከንፈሩ አዘንብሏል፣ ዓይኑ ፈጦ አይጨፈንም። ፈገግ ስል እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ፤ እሱ ዝም።

ያኔ "ወላሂ" ያልኩት ትዝ አለኝ። በሐሰት የማለ ሰው አፉ ይጣመማል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ገበያ ላይ ነጋዴ ሁሉ ሲምል ሲውል አንድም የተጣመመ አለማየቴን በዚያች ሰዓት አላስታወስኩትም። ለዘሀራም ትንፍሽ አላልኩ። ምን ብዬ? "ትናንት አላህን ጠርቼ ፍየል ሱቅ አደረግሁ" ልበላት?

ወሬው ከኔ ቀድሞ መናኸሪያ ደረሰ። እስከ ረፋድ ድረስ ስንት ሐኪም እንዳለን ቆጠርኩና ተውኩት። አንዱ "ነፋስ ነው" አለ፤ ሌላው "ጅን በጥፊ አጩሎት ነው" አለ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ልትከትተው ደረሰች። ደላላው ደግሞ "በግራ የተመታውን በቀኝ ቢያጮሉት ይመለሳል" ሲል ዘሀራ "እኔ ልሞክረው" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። አሁን ድረስ ቀልዷን ይሁን የምሯን አላውቅም።

ደምሴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከእስጢፋኖስ ገዳም ጸበል አመጣልኝ፤ በእግሩ ሄዶ ነው ያመጣው። "መነኩሴው ምን አሉህ?" ስለው "ጸበሉን ስጠው፣ ሐኪም ቤት ግን ዛሬውኑ ውሰደው አሉኝ" አለ። የሰፈራችን ሸህም ቁርኣን ቀርተውብኝ፣ ቱፍ ቱፍ አድርገውብኝ ሲያበቁ "በል አሁን ሐኪም ቤት ሂድ" አሉኝ። መስጊድና ገዳም በአንድ ቃል ተስማምተው እኔ ብቻ እምቢ አልኩ። መድኃኒት ለመሐላ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።

ማክሰኞ ሱቄን ከፈትኩ። አንዲት ወይዘሮ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ወገቧን እየለካሁ ቀና ስል ዓይኔን አርገበገብኩ፤ እንደ ማንኛውም ሰው። የኔ ግን ቀኙ ብቻ ነው የሚርገበገበው። ሴትዮዋ ጨርቋን ነጠቀችኝ።

"በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? ደግሞ ሦስቴ!"

"እመቤቴ፣ እየጠቀስኩሽ አይደለም፤ በሽታ ነው" ልል አፌን ስከፍት በአንድ ወገን ፈገግ አልኩ። ነገሩን አባባስኩት። ከቀትር በፊት ሦስት ሴቶችንና አንድ የመንገድ ትራፊክ ጠቅሻለሁ። ዘሀራ ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ሰምታ ነበር፤ "እኔን በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ ጠቅሰኸኝ ታውቃለህ?" አለችኝ። የዓሣውን ወጥ በቀኝ እየጎረስኩ በግራ ሸሚዜን አበላሁት።

ያቺን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዒድ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

"አጎቴ፣ ለሐጂ ምን አሉ?"

መቀሴን አስቀመጥኩ። ግማሽ አፌ ዝም ብሎ ነበር፤ ግማሹ ተጨመረበት።

"ልጅቷ ደውላልኝ ነበር። 'ለኔ ፍየል ጠባቂ ነበርኩ አልከኝ፤ ለአባቴ ባለ ሁለት ሱቅ ነው ተባለ። ከሁለት አንዱ ውሸት ነው፤ ውሸታም ደግሞ አላገባም' ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አታነሳም። አጎቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩት።"

ሊቆጣኝ መጥቶ ነበር። ግን ፊቴን ሲያይ ቁጣው አንገቱ ላይ ቆመና ብድግ ብሎ ወጣ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላም ደጄን አልረገጠም። የልጁን ትዳር በገዛ ምላሴ እንዳፈረስኩ ገባኝ፤ ያኔ ስለ ፊቴ ማሰብ ተውኩ።

ረቡዕ ጠዋት ዘሀራ ትዕግሥቷ አለቀ። "ደም ግፊት መትቶህ ቢሆንስ? ተነስ!" ብላ ባጃጅ አስቁማ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ካርድ አውጥታ እሷ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች፤ እኔ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ማስክ አድርጋለች፤ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው። ገና ስገባ ዓይኔን አርገበገብኩ።

"እየጠቀስኩሽ አይደለም!" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"አውቃለሁ አባቴ፤ ይቀመጡ" አለችኝ። ከሰኞ ጀምሮ ያመነችኝ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ደም ግፊቴን ለካች፣ ስኳር መረመረች። ሁለት እጄን ወደ ፊት አስዘርግታ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝ፤ አንዱን ጨፈንኩላት። ጆሮዬ ውስጥና ከጆሮዬ ኋላ አየች። ከዚያ "ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ፤ ግንባርዎ ይሸብሸብ" አለች።

"ይኸው።"

"ቀኙ ብቻ ነው የተሸበሸበው። ግራው ለጥ ብሏል።"

"ወጣት መስሏል በይኛ!"

ዓይኖቿ ሳቁ። "ይህስ ደግ ምልክት ነው። ችግሩ ከአንጎል ቢሆን ኖሮ ግንባርዎ አብዛኛውን ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እጅዎም ሊደክም ይችል ነበር። የእርስዎ የራሱ የፊት ነርቭ ነው። ከጆሮ ኋላ በጠባብ የአጥንት ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያብጥ ይታነቃል፤ ሲታነቅ መልእክት አያደርስም።"

"እንደ ወፍራም ክርና እንደ ቀጭን መርፌ" አልኩ።

"ልክ እንደሱ። አሁን እብጠቱን የሚቀንስ ኪኒን እሰጥዎታለሁ። መቼ ጀመረዎት?"

"ሰኞ።"

"በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚረዳው። ደርሰዋል፤ ግን ለጥቂት ነው። ምን ሲጠብቁ ነበር?"

ምን ልበላት? ሰው ማስክ ያደረገ ሰው ፊት ሲቀመጥ ሆዱ ቶሎ ይከፈታል መሰለኝ። "ልጄ፣ ይህ በሽታ በኪኒን የሚድን አይመስለኝም። ውሸት ነው ያጣመመኝ" አልኳት።

"ምን ዓይነት ውሸት?"

ነገርኳት። ውጫሌ መሄዳችንን፣ የሐጂን ሴራሚክ፣ ሱቁን፣ ሠራተኛውን፣ ወላሂውን። ስትጽፍበት የነበረው እስክሪብቶ ቆመ። ዓይኖቿም መሳቅ አቆሙ።

"ልጁ ነው እንዲህ በሉልኝ ያለዎት?" አለች።

ይህ ለነርቭ ምን ይጠቅማል አልኩ በልቤ፤ ግን ትምህርት ትልቅ ነገር ነው፤ የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። "ኧረ የለም! እሱማ ያልሆንኩትን ሆነ እንዳትሉ ብሎ ለምኖኛል። እሱ አያፍርም በፍየሎቹ። ያፈርኩት እኔ ነኝ። አሁን ልጅቷ ተጣላችው፤ እሱም እኔን ተጣላኝ።"

"በእርግጥ እሱ አላለዎትም?"

"አላለኝም ልጄ። ልማል?"

"ኧረ አይማሉ!" አለች ፈጥና።

ከዚያ መጻፏን ቀጠለች። የታመመው ነርቭ የእህት ልጅም ይጠየቅበታል ማለት ነው ብዬ ተደነቅኩ።

"አባቴ" አለች በመጨረሻ፣ "ውሸት ፊት የሚያጣምም ቢሆን ኖሮ ይህ ግቢ አይበቃንም ነበር። የእርስዎ የነርቭ እብጠት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ያስነሳዋል። ማንንም ይይዛል፤ እውነተኛም ውሸታምም አይመርጥም። ግን ውሸቱን ቢያስተካክሉት አይከፋም።"

"ለፊቴ ይረዳል?"

"ለፊትዎ ኪኒኑ ይረዳል። ውሸቱን የሚያስተካክሉት ለልጁ ነው።"

ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ከምግብ ጋር እንድወስድ ነገረችኝ። የማይጨፈነው ዓይኔ እንዳይደርቅና እንዳይቆስል ቀን ቀን ጠብታ፣ ስተኛ ደግሞ ቅባት ተቀብቼ በፕላስተር እንዳሽገው አዘዘችኝ። "ዓይኑ ላይ አይቀልዱ፤ ፊቱ ይመለሳል፣ ዓይን ከቆሰለ ግን ሌላ ጣጣ ነው" አለች። ሲሻለኝም መስታወት ፊት ቀስ እያልኩ ቅንድብ ማንሳት፣ ጉንጭ መንፋት፣ ከንፈር ማሞጥሞጥ። "አብዛኛው ሰው በሳምንታትም በወራትም ይድናል፤ አብሽሩ" አለችኝ። ስወጣ "የሽምግልናው ቀን መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ጠብታዎን እንዳይረሱ" አለች።

እነሆ ሦስት ሳምንት። ኪኒኑ ምግብ ያስወድዳል፤ ዘሀራ "በግማሽ አፍ የሁለት ሰው ይበላል" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ስተኛ ዓይኔን በፕላስተር ስታሽግ "አሁን እንኳ ማንንም አትጠቅስም" ትላለች። ሱቄ ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን ስነፋ ከሚኒባስ የሚወርደው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ረዳቶቹም አብረውኝ ይነፋሉ። ግራው ግን ንቅንቅ አላለም። እህቴ መጥታ "ልጅቷ 'ሽማግሌዎችህ ይምጡ፤ ከዚያ እናወራለን' ብላ ላከችበት። ሌላ ምንም አላለችም። ልጄ እህል አይቀምስም" ብላኝ ሄደች። ነገሩ ሁሉ በዚያች እሑድ ላይ ተንጠለጠለ። በተጣመመ አፍ እንዴት ልናገረው እያልኩ አሥር ጊዜ አጠናሁት።

እሑድ ደረሰ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ የሚዘጋበት ቦታ መረጥኩ፤ ሐኪሟ ቫይረስ ነው ብትለኝም አላመንኳትም። ውጫሌ ስንወርድ ገበያተኛው ያየኛል፤ ይንሾካሾካል። "በሐጂ ቤት የማለው ሽማግሌ" የሚለውን በደንብ ሰማሁት።

የሐጂ ቤት ገባን። መጋረጃው፣ ሴራሚኩ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ሐጂ ፊቴን ብዙ አዩት። እኔም በተራዬ ዓይኔን አርገበገብኩና ሐጂን ጠቀስኳቸው። ደምሴ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ባለፈው ልጁ ሳዑዲ ምን ይሠራ ነበር ብዬ ጠይቄ ነበር" አሉ ሐጂ። "ያሉኝን ይድገሙልኝ።"

ደምሴ ጉሮሮውን አዘጋጀ። ሱቅ ብል ልጅቷ የያዘችው እውነት አለ፤ ፍየል ብል በሐሰት መማሌ ይወጣል። በየትም በኩል መዋረድ ነው። ግን ሰዒድ ከሱቄ ሲወጣ ያየሁት ጀርባው ትዝ አለኝ።

"ሱቅ የለም" አልኩ። "አንድም ሱቅ አልነበረም። ፍየል ነው የጠበቀው።"

"ሠራተኞቹስ?"

"እነሱም ፍየሎች ናቸው።"

ደምሴ አልሳለም። ሐጂ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"ሐጂ፣ ልጁ ያልነበረውን አላለም። ዋሽቼ የማልኩት እኔ ነኝ። እሱ ያን ፍየል ጠብቆ እናቱን ቤት ሠራላት፣ እህቶቹን አስተማረ። እኔ ቤትዎን አይቼ አፈርኩና ልጁን ደበቅሁት። ከፈረዱ በኔ ይፍረዱ፤ በእሱ አይሁን።"

ንግግሬን ሳልጨርስ ከግራ ዓይኔ እንባ ወረደ።

"ይህ እንባ የበሽታው ነው፤ የማለቅስ እንዳይመስልዎት" አልኩ።

"የቀኙስ?" አሉ ሐጂ።

ጉንጬን ዳበስኩ። እርጥብ ነው።

"የቀኙ የራሴ ነው" አልኩ።

ሐጂ ይህን ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ወንድሜ፣ ይህ ያሳፈረህ ቤት በምን የተሠራ ይመስልሃል? እኔ ሃያ ዓመት የፍየል ነጋዴ ነበርኩ! ከባቲ እስከ ውጫሌ ፍየል ስነዳ ነው ያረጀሁት።"

ወደ ደምሴ ዞርኩ። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"ታዲያ ለምን የሳልኩ መሰለህ?" አለ ደምሴ። "ከሱቁ ጀምሮ ነው እኮ የሳልኩት!"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ኋላ የሴት ድምፅ መጣ።

"አባቴ፣ የዓይን ጠብታዎን አድርገዋል?"

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። መጋረጃው ተገለጠና ያች ሐኪም ያለ ማስክ ብቅ አለች። ሐጂ "ልጄ ናት" አሉ፤ እንዳላወቅኳት ገብቷቸዋል። ለካ እኔ የጠየቅኳት ልጅ እኔን ጠይቃኝ ኖሯል! የሰዒድን ነገር ሁሉ፣ ያውም ከዋሸው ከራሴ አፍ፣ ከመርማሪ በላይ አጥርታ ወስዳለች። ልጅቷን አለማየት ወግ ነው ስንል የኖርን ሽማግሌዎች እንዲህ እንዋረድ።

"ለአባቴ ያኔውኑ ነገርኩት" አለች። "ግን ሽማግሌው ራሱ ይናገር አለ።"

"ባይናገርስ ኖሮ?" አለ ደምሴ።

"ኪኒኑን አልከለክላቸውም ነበር፤ እኔን ግን አያገኙኝም።"

ሐጂ "ሰጥቻለሁ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ፋቲሃ ተደረገ፤ ደምሴም "አሜን" አለ። ገና እጄን ከፊቴ ሳላወርድ ልጅቷ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። በሽምግልና ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም።

"ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ።"

አነሳሁ። ሐጂ አንገታቸውን አሰገጉ። ደምሴ የራሱን ግንባር ሸበሸበ።

"ግራው ትንሽ ነቃ አለ" አለች ዝቅ ብላ። "አዩ? መመለስ ጀምሯል።"

ሰዒድ ያን ቀን ማምሻውን ደጄ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ሳመኝ። እኔም አንገቱን ይዤ አለቀስኩ፤ በሁለቱም በኩል።

ለሠርጉ ቀን ፊቴ ተመልሶልኝ ነበር። በደንብ ስስቅ ብቻ ግራው ትንሽ ዘግየት ይላል፤ ዘሀራ "ቀልድ ዘግይቶ ነው የሚገባው" ትላለች። ከደሴ የመጣ አንድ እንግዳ አጠገቤ ተቀምጦ "ሙሽራው ሳዑዲ ምን ይሠራ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ጎርሶ ቆመ።

"ፍየል ጠባቂ ነበር!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ኮራ ብዬ። "ያውም ስድስት መቶ ፍየል!"

ደምሴ ሳለ።

ቀና ብል ሙሽራዋ ከተቀመጠችበት ሆና ቅንድቧን ወደ ላይ አንስታ ታየኛለች።

"ሦስት መቶ ነው" አልኩ።